ግማሽ የፈረስ ጉልበት

ቅዳሜ በጠዋት፣ በአንሶላ ጠቅልዬ፣
ከጨጨላ ወጣሁ፣ ፈረስ በጀርባዬ አዝዬ።
«ዘመን ተገለበጠ» አለች ደብሪቱ፣ ከደጇ ላይ ሆና፣
«ፈረሱ ጌታ ሆኖ፣ ሰው አጋሰስ ሆነና!»

እውነቷን ነው፤ ይከብዳል።
ከባዱ መስታወቱ ነው፣ ፈረሱማ ወረቀት፣
ባሕር ማዶ የታተመ፣ ቀለሙ ያልለቀቀበት፤
ቀይ ሜዳ፣ ቀይ ገደል፣ የተበጠሰ የሽቦ አጥር፣
ጋላቢው የት እንደቀረ የማይናገር
መጋላ ቦራ፤ ኮርቻው ከፊቱ ቀንድ ያበቀለ።
«በሬ መስሏቸው ነው!» እያለ
አባቴ ይስቅ ነበር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር።

ሐኪሙ ነው የሰጠው፤ ኮሌጁን ለቆ የሄደ ለት፣ እያካፋ ሲጠባ፤
አባቴ ሻንጣውን አዘዞ አድርሶ፣
ሦስት ብር ጠብቆ፣ ፈረስ ይዞ ገባ።
እናቴ ሌሊቱን አኩርፋ አነጋች፤
«ገብስ አይበላ፣ ገብስ አያበላ፣ ምን ሊሆነን ነው?» አለች።

እሱ ግን ዋንዛ አስጠርቦ ፍሬም አሠራለት፣
ከጋጣው ጋር በምንካፈለው ግድግዳ ላይ ምስማር መታለት።
በሩ ተከፍቶ፣ የጋጣው ፈረስ አንገቱን ሲያሰግግ፣
መስታወቱ ላይ ሁለት ይሆኑ ነበር፣
አንዱ ለሥዕል የቆመ፣ አንዱ ገብስ የሚፈልግ።
ከዚያማ ጓደኛ በዛ፤ ከክብሪት ቀፎ የተቀደደ፣ ከቴምብር የተላጠ፣
ከመድን ድርጅት ካላንደር፣ ወሩ ሲያልፍ፣ በምላጭ የተቆረጠ።
ወንድሜ አዛናው ይኼን ሁሉ አይቶ፣
«ከግል ስብስብ የተገኘ» ብሎ ጻፈልኝ፣ በወፍራም እስክሪፕቶ።

ፒያሳ፣ ኑርሁሴን ሱቅ፣ አንሶላውን ፈታሁ።
«ዕድሜው?» አለ፣ መስታወቱን በአውራ ጣቱ እያሸ።
«አፉን ገጥሟል» አልሁት፤ «ጥርስ ቆጥሮ የሚገዛ ከብት ተራ ይሂድ።»
ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠው፤ ገበያ ነው።
«ስብስቡ የማን ነው?»
«የጓንጉል።»
«የፊታውራሪ ጓንጉል?»
«የጓንጉል፣ የባለጋሪው።»
ገና ያልጠራው ዋጋ ሲወርድ፣ ፊቱ ላይ አየሁ።

ከኋላው ምስማሩን ነቅሎ፣ ካርቶኑን ሲያነሣ፣
የእርሳስ ጽሑፍ ወጣ፣
በመሠረተ ትምህርት የተለመደ ፊደል፣ የጎበጠ፣ የሳሳ፦

አባ ቻለው፤ ጋሪ ለመደ በአሥራ አንድ ቀን።
አባ ሰንበት፤ እሑድ እሑድ ያነክሳል፣ ሰኞ ይሻለዋል።
አባ ዘገየ፤ ዳገት ላይ ይቆማል፤ አትምቱት።

እንዲህ እያለ ይወርዳል፣ እስከ ታችኛው ጠርዝ።
ዘጠነኛው፤ ስም ሳላወጣለት ባጃጅ መጣ።

ለጋሪ ፈረስ፣ እንደ መኳንንት ወግ፣ የጦር ስም ሲያወጣ
ልጁ ሆኜ አልሰማሁም።

ኑርሁሴን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።
«ይኼስ ዋጋ አለው፤ ፈረንጅ ታሪክ ይወዳል፤ አንድ ሺህ ልጨምር።»
«የምሸጥልህ ፊቱን ነው።»
«ፈረስ ያለ ጀርባ?»
አልመለስሁለትም።
የፈረስ ዋጋው ጀርባው መሆኑ ለባለጋሪ ልጅ አይነገራት።
የቢራ ካርቶን ቆርጦ፣ እያጉረመረመ፣ ከኋላ መታበት፤
የሱቁ ልጅ ባጃጅ ላይ ጫነው፤ ፈረሱ፣ በባጃጅ፣ ጎኑን ተደግፎ፣
በጃንተከል ዋርካ በኩል ሄደ፣ እኔን አልፎ።

በብሩ የገዛሁት ለስፌት መኪናዬ ሞተር ነው።
«ግማሽ የፈረስ ጉልበት አለው» አለኝ ሻጩ፣ እያገላበጠ።
«የትኛው ግማሽ?» አልሁት።
አልገባውም፤ ደረሰኝ ቆረጠ።

አሁን ካርቶኑ ከምስማሩ ላይ ነው፣ ጽሑፉን ወደ እኔ አዙሮ፤
ሞተሩ ከሥር ያጉረመርማል፣ ቀበቶውን ወጥሮ።
ፖፕሊን ላይ ሜዳ ነው፤ ይጋልባል፣
ወፍራም ጂንስ ስሰጠው ግን፣ ከስፌቱ መጋጠሚያ ሲደርስ ያቃስታል፤
ይቆማል።
እግሬን ከፔዳሉ አነሣለሁ።
ዳገት ነው።
አልመታውም።